ከውሃው ወይስ ከመቅጃው? በወንዝና በባሕር ውስጥ ያለውን ኢምንት ብረታ ብረት የመመርመር ታሪክ

ከ1940ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ የታተሙትን የባሕር ኬሚስትሪ መጻሕፍት በዕድሜያቸው አሰልፎ የሚያገላብጥ አንባቢ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በባሕር ውሃ ውስጥ ይገኛል የሚባለው የእርሳስ፣ የዚንክና የካድሚየም መጠን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እያነሰ ይሄዳል። ቅናሹም በእጥፍ ወይም በሁለት እጥፍ የሚነገር አይደለም፤ ለአንዳንዱ ንጥረ ነገር መቶ እጥፍ፣ ለአንዳንዱም ሺህ እጥፍ ይደርሳል። በእነዚያው ዓመታት ግን ፋብሪካው በዝቷል፣ የማዕድን ቁፋሮው ተስፋፍቷል፣ እርሳስ የተጨመረበትን ቤንዚን የሚያቃጥለው አውቶሞቢል ዓለምን አዳርሷል። ባሕሩን ያጠበው ማንም የለም። ታዲያ ውሃው ሳይጠራ ቁጥሩ እንዴት ጠራ?

መልሱ ለሙያችን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ቀድሞ የተለካው በአብዛኛው ውሃው አልነበረም። የተለካው ውሃውን የቀዳው የናስ ዕቃ፣ ዕቃውን ያወረደው በቅባት የተለወሰ ገመድ፣ የመርከቡ ዝገት፣ የላቦራቶሪው አቧራና የባለሙያው እጅ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያ ስሕተት እንዴት እንደ ተገለጠ፣ ከተገለጠም በኋላ የመቅዳቱ ሥራ ከሰው እጅ ወደ መሣሪያ ሲተላለፍ ምን አዲስ ችግር እንደ ተከተለ ይተርካል።

አስቀድሞ ስለ አንድ ቃል። ቋንቋችን «ብረት» የሚለውን ስም ለአንዱ ንጥረ ነገርም ለመላው ዘሩም ይጠቀምበታል። በዚህ ጽሑፍ ዘሩን «ብረታ ብረት»፣ ምስማር የሚሠራበትን አንዱን ግን «ብረት» እያልኩ እለያለሁ። «ኢምንት» የምለውም መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ናኖግራም እርሳስ አለ ማለት፣ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በያዘ ግድብ ውስጥ አንድ ግራም እርሳስ ተበጥብጧል ማለት ነው። በዚህ መጠን ለሚሠራ ሰው በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ቆሻሻ ነው። አቧራው፣ ላቡ፣ የጠርሙሱ ክዳን ቀለም፣ ዚንክ የተቀላቀለበት ጎማ፣ ሌላው ቀርቶ ናሙናው እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመረው አሲድ እንኳ ከሚመረመረው ውሃ የበለጠ ብረታ ብረት ሊይዝ ይችላል።

ዓለም ውሃን ስለ ብረታ ብረት መመርመር የጀመረው በቅንጦት አይደለም። በጃፓን፣ በሚናማታ ከተማ፣ ከኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕሩ ወሽመጥ በተለቀቀ ባዚቃ የመጣው በሽታ በ1956 በይፋ ታወቀ፤ የጃፓን መንግሥት መንሥኤውን በይፋ ያመነው ግን በ1968 ነበር። በዚያው አገር በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎችን አጥንታቸውን እያሳሳ ያሠቃያቸው በሽታም፣ ከማዕድን ማውጫ በወንዙ በወረደው ካድሚየም የመጣ መሆኑ በ1968 ታወጀ። መንግሥታት «በወንዞቻችን ውስጥ ምን አለ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ጥያቄው የመጣውም መሣሪያው በተዘጋጀበት ሰዓት ነበር። አውስትራሊያዊው አላን ዋልሽ በ1955 የአተሞችን ብርሃን የመምጠጥ ጠባይ ለልኬት የሚያውል ዘዴ አሳትሞ ነበር፤ ነበልባሉን በጋለ የግራፋይት ቱቦ የተካው የሶቪየቱ ሳይንቲስት የቦሪስ ልቮቭ ሐሳብም በ1970ዎቹ ወደ ተራ ላቦራቶሪዎች ገባ። ከአንዲት ጠብታ ውሃ የቢሊዮንኛ ክፍል መለካት የሚቻልበት ዘመን ደረሰ።

መለኪያው እንዲህ ሲራቀቅ መቅጃው ግን ከአያቶቹ ዘመን ፈቅ አላለም ነበር። ኖርዌያዊው የዋልታ አሳሽ ፍሪድቾፍ ናንሰን ለባሕር ጥናት ያበረከተው መቅጃ ሁለቱም አፉ የተከፈተ የናስ በርሜል ነው። በአረብ ብረት ገመድ ታስሮ ይወርዳል፤ ከተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ከላይ ክብደት ያለው ቁራጭ በገመዱ ላይ ይለቀቃል፤ ቁራጩ ሲመታው በርሜሉ ይገለበጥና ሁለቱም አፎቹ ይዘጋሉ። የውሃን ሙቀትና ጨዋማነት ለማወቅ ይህን የመሰለ ዕቃ አልነበረም። ነገር ግን ናስ መዳብና ዚንክ ነው፤ በናስ በርሜል የተቀዳን ውሃ መዳብና ዚንክ ይኖርበት እንደ ሆነ መመርመር፣ በበርበሬ ዕቃ የተቀዳን ውሃ ያቃጥል እንደ ሆነ መቅመስ ነው። አሜሪካዊው ሼል ኒስኪን በ1960ዎቹ የናሱን በርሜል በፕላስቲክ ተካው። ትልቅ ርምጃ ነበር፤ ሆኖም ክዳኖቹን አስፈንጥሮ የሚዘጋው ጎማ ከበርሜሉ ውስጥ ተዘርግቶ ነበርና ዚንክ ከበር ወጥቶ በመስኮት ገባ።

ይህን ሁሉ ያናጋው የባሕር ሰው አልነበረም። ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ሲያሰላ የነበረ የጂኦኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ምድር 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ሆናት በ1956 ያሳተመው እርሱ ነው። ለዚህ ስሌት በሜትዮራይት ውስጥ ያለውን ጥቂት እርሳስ መለካት ነበረበት፤ በለካ ቁጥር ግን ከሚጠበቀው እጅግ የበዛ እርሳስ ያገኝ ነበር። ትርፉ የመጣው ከአየሩ፣ ከግድግዳው ቀለም፣ ከኬሚካሎቹና ከልብሱ መሆኑን የተረዳው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አየሩ የተጣራ፣ ዕቃው ሁሉ በአሲድ የታጠበ ላቦራቶሪ ሠራ። በዚያ ላቦራቶሪ ሆኖ ዓይኑን ወደ ባሕር መለሰ።

በ1963 ከሚትሱኖቡ ታትሱሞቶ ጋር ያሳተመው ጥናት፣ የአትላንቲክና የሜዲትራንያን ገጸ ውሃ ከጥልቁ ይልቅ እርሳስ እንደሚበዛበት አሳየ። ከታች ጥቂት፣ ከላይ ብዙ ከሆነ እርሳሱ የወረደው ከሰማይ ነው፤ ከሰማይ የወረደውም ከአውቶሞቢል ጭስ መሆን አለበት። በ1965 ይህንኑ በሰፊው ከጻፈ በኋላ የነዳጅ ኢንዱስትሪው ለምርምሩ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ አቋረጠበት። ፓተርሰን በክርክሩ ጸና። ለእኛ ለሙያተኞች ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረን ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው፤ በገዛ ራሱ የ1960ዎቹ ቁጥሮች ላይ ተነሣባቸው። አቅጣጫው ትክክል ቢሆንም መጠኑ በናሙና አወሳሰድ ጉድለት የተነፋ መሆኑን ተረዳና፣ ከቤርንሃርድ ሻውሌ ጋር ሆኖ ለጥልቅ ውሃ አዲስ መቅጃ ሠራ። መቅጃው እስከ ጥልቁ ድረስ አፉን ዘግቶ ይወርዳል፤ የሚከፈተውም ገመዱና ዕቃው ያላወኩትን ውሃ ብቻ እንዲቀበል ሆኖ ነው። የገጸ ባሕሩን ናሙና ለመውሰድ ደግሞ ባለሙያዎች በትንሽ የጎማ ጀልባ ከትልቁ መርከብ ርቀው፣ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይቀዝፉ ነበር፤ የመርከቡ ጭስና ዝገት እንዳይደርስባቸው ነው። በ1981 የታተመው ውጤት በሰሜን ምሥራቅ ፓሲፊክ ገጸ ባሕር በአንድ ኪሎ ውሃ 14 ናኖግራም ገደማ፣ በጥልቁ 1 ናኖግራም ገደማ እርሳስ መኖሩን አሳየ። ቀደም ሲል የታተሙት ቁጥሮች ሁሉ፣ የራሱም ጭምር፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የማይረቡ ሆኑ።

ጥርጣሬ ያለው አንባቢ «ዝቅተኛው ቁጥር እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? ከመለኪያው ጉድለት ቢሆንስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ የመጣው ከቁጥሩ ማነስ ሳይሆን ከቁጥሩ ሥርዓት ነው። የማሳቹሴትሱ ኤድዋርድ ቦይልና ባልደረቦቹ በ1976፣ በዚያው ዓመትም የካሊፎርኒያዎቹ ጆን ማርቲንና ኬኔዝ ብሩላንድ፣ በፓሲፊክ ያለው ካድሚየም ከፎስፌት ጋር እኩል እንደሚወርድና እኩል እንደሚወጣ አሳዩ። በገጸ ባሕሩ ጥቃቅን ዕፅዋት ፎስፌቱን ሲበሉት ካድሚየሙም አብሮ ይጠፋል፤ ዕፅዋቱ ሞተው ወደ ጥልቁ ሲሰምጡና ሲበሰብሱ ሁለቱም አብረው ይመለሳሉ። ቀድሞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ያለ ሥርዓት ይዘል የነበረው ቁጥር በአንድ መስመር ላይ ተሰለፈ። ቆሻሻ እንዲህ አይሰለፍም። ብሩላንድ በ1978 ዚንክ ሲሊካን እንደሚከተል ሲያሳይም በገጸ ባሕሩ ያገኘው መጠን በመጻሕፍት ከነበረው ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነበር። የአረብ ብረቱን ገመድ በኬቭላር ፈትል፣ የተለመደውን በርሜል ደግሞ ተዘግቶ ወደ ውሃው በሚገባና ከ10 ሜትር ገደማ በታች ሲደርስ በውሃው ግፊት በሚከፈት «ጎ-ፍሎ» በተባለ መቅጃ ተክተው ነበር። በዚህ ዘዴ መቅጃው በገጸ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን የመርከብ ቅባት ሳይነካ ያልፋል።

የብረት ታሪክ ደግሞ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። በብረት በተሠራ መርከብ ላይ ሆኖ በባሕር ውስጥ ያለውን ብረት መለካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ጆን ማርቲን በሞስ ላንዲንግ የባሕር ላቦራቶሪ እንደ ፓተርሰን ያለ ንጽሕና ይዞ ሲሠራ፣ ፎስፌትና ናይትሬት ሞልቶባቸው ዕፅዋት ግን የማይበዙባቸው የውቅያኖስ ክፍሎች ብረት የተራቡ መሆናቸውን በ1988 አሳየ። ቀደምት ተመራማሪዎች ይህን ረሃብ ያላዩት በጠርሙሶቻቸው ውስጥ ያሉትን ዕፅዋት ሳያውቁ ብረት ሲመግቧቸው ስለ ኖሩ ነው። ማርቲን በ1993 አረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ባልደረቦቹ በጋላፓጎስ አቅራቢያ 64 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚያህል ባሕር ላይ ብረት ሲበትኑ በውሃው ውስጥ ያሉት ዕፅዋት በዙ። የቆሸሸ መቅጃ ከቁጥር ስሕተት አልፎ አንድ ሙሉ የተፈጥሮ ሕግ ከዓይን ሊሰውር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የባሕሩ ሰዎች ይህን ሁሉ ሲማሩ የወንዙ ሰዎች አልሰሙም ነበር ማለት ይቻላል። በዩናይትድ ስቴትስ በ1970ዎቹ የተቋቋመው ብሔራዊ የወንዞች ጥራት መከታተያ በመቶ በሚቆጠሩ ጣቢያዎች ለዓመታት ናሙና እያስቀዳ ሟሟ ብረታ ብረቶችን ሲመዘግብ ቆየ። ቁጥሮቹ ለሕግና ለበጀት መሠረት ሆኑ። በ1985 አላን ሺለርና ቦይል የባሕሩን ንጽሕና ይዘው ወደ ወንዝ ወጡ፤ ሰው ባልነካቸው ወንዞች ውስጥ ያለው ሟሟ ዚንክ ከሚታመንበት ከአሥር እስከ መቶ እጥፍ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በ1988 ደግሞ የብሔራዊው መከታተያ መዝገብ በቤንዚን ውስጥ ያለው እርሳስ ሲቀንስ የወንዞቹም እርሳስ አብሮ መቀነሱን ያሳያል የሚል ጥናት ወጣ። ራስል ፍሌጋልና ኬኔዝ ኮል በዓመቱ መለሱለት፤ እርሳሱ በእውነት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፣ ያ መዝገብ ግን ከውሃው ይልቅ በናሙናው ላይ የተጨመረውን ቆሻሻ ስለሚያሳይ ሊመሰክርለት አይችልም አሉ። ይህን የመሰለ ክርክር ለሰሚ ሰው አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ወንዙ እንዲጠራ የሚሹ ሰዎች ነበሩ፤ ተቃውሞው የተነሣው ለሚወደደው መደምደሚያ ጥሩ ማስረጃ የሌለ መሆኑን ለመናገር ነው። ያ ቀላል ድፍረት አይደለም።

በ1991 ኸርበርት ዊንደምና ባልደረቦቹ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያሉትን ወንዞች በንጹሕ ዘዴ ቀድተው ከብሔራዊው መዝገብ ጋር አስተያዩ። ለአንዳንዶቹ ብረታ ብረቶች ልዩነቱ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ነበር። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ራሱ፣ የዩናይትድ ስቴትስ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት፣ የሟሟ ኢምንት ብረታ ብረት ቁጥሮቹ በአወሳሰድና በማጣራት ጊዜ የተበከሉ መሆናቸውን ለሠራተኞቹ አሳወቀ፤ በ1994ም አዲስ የአሠራር መመሪያ አወጣ። ከእርሱ ቀጥሎ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1996 ያወጣው ዘዴ በዓለም ላይ የታወቀው «ንጹሕ እጅና ቆሻሻ እጅ» በሚለው ሥርዓቱ ነው። ሁለት ሰዎች ይወጣሉ፤ ጠርሙሱ በሁለት ከረጢት ተደራርቦ ታሽጓል። አንደኛው ሰው የውጪውን ከረጢት ይከፍታል፣ ፓምፑን ያስነሣል፣ በር ይዘጋል፤ ጠርሙሱን ግን አይነካም። ሁለተኛው የውስጡን ከረጢትና ጠርሙሱን ብቻ ይነካል፤ ሌላ ነገር በነካ ቁጥር ጓንቱን ይለውጣል። የካህንና የዲያቆን አገልግሎት ይመስላል ብል አንባቢ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አለኝ።

ይህ ሥርዓት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰው፣ አንድ መኪናና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ወንዝ ደግሞ ባለሙያውን አይጠብቅም። በወንዝ ውስጥ ከሚጓዘው እርሳስ፣ ክሮሚየምና መዳብ አብዛኛው የሚጓዘው ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ነው፤ ደለሉም የሚወርደው በጎርፍ ነው። የዓመቱ ጭነት ትልቁ ክፍል በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ያልፋል። አደጋም እንዲሁ ነው። በኅዳር 1 ቀን 1986 ሌሊት ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል አጠገብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችንና ባዚቃ ያለባቸውን ውሑዶች ጠርጎ ራይን ወንዝ ውስጥ ገባ። ወንዙ በቀለም ቀላ፤ በመቶ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ዓሣው፣ ይልቁንም እባብ መሰሉ ዓሣ፣ አለቀ። መርዙ እንደ ማዕበል በየከተማው አለፈ። ከወር አንድ ቀን በጠዋት መጥቶ የሚቀዳ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው በዕድል ብቻ ነው። የራይን አገሮች ከ1950 ጀምሮ የጋራ ኮሚሽን ነበራቸው፤ ከእሳቱ በኋላ በ1987 ባወጡት የተግባር ፕሮግራም በወንዙ ላይ ያለውን ክትትል አጠናከሩ። በጀርመንና በኔዘርላንድ ወሰን በሁለቱ ዳርቻዎች የቆሙት የቢመንና የሎቢት ጣቢያዎች የዚህ ክትትል የታወቁ በሮች ናቸው።

አውቶማቲክ መቅጃ ወደ ሜዳው የገባው በዚህ ምክንያት ነው። የተወለደው ከቆሻሻ ውሃ ቁጥጥር ነው። በ1972 የወጣው የዩናይትድ ስቴትስ የውሃ ሕግ ፋብሪካዎች የሚለቁትን ውሃ እንዲያስመረምሩ ሲያስገድድ፣ ሃያ አራት ሰዓት ቆሞ በየሰዓቱ የሚቀዳ ሠራተኛ አስፈለገ፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ደግሞ መሣሪያ ብቻ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በክብ በርሜል ውስጥ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ተሽከርካሪ ዘንጎች ልስልስ ቱቦ እየጨመቁ ውሃውን ይስባሉ፤ ውሃው ቱቦውን እንጂ የፓምፑን ብረት አይነካም። ሰዓት ቆጣሪ፣ ወይም የወንዙ ከፍታ ሲጨምር የሚያነቃ መለኪያ ያስነሣዋል። ቱቦው መጀመሪያ በወንዙ ውሃ ይታጠባል፤ ቀጥሎ አንዱ ጠርሙስ ይሞላል፤ አከፋፋዩ ክንድ ወደሚቀጥለው ይዞራል።

እንግዲህ የሰው እጅ ከሥራው ወጣ። ነገር ግን እጁ ሲወጣ ዕቃው ገባ። በቱቦው አፍ ላይ ያለው ወንፊት ከብረታ ብረት ሊሠራ ይችላል። ቱቦው ለሳምንታት በወንዙ ውስጥ ሲቆይ አልጌና ጭቃ ይለብሳል፤ ያ ልባስ ብረታ ብረቱን አንድ ቀን ይመጥጣል፣ ሌላ ቀን ይለቃል። ፓምፑ ከላይ ሆኖ ስለሚስብ ከስምንት ሜትር ገደማ በላይ ከፍታ ማውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ከወንዙ ዳር አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ጎርፍ የሚወስደውም እዚያው ነው። አፉ በአንድ ነጥብ ላይ የተተከለ በመሆኑም ከወለሉ አጠገብ የሚንከባለለውን አሸዋ አያይም፤ ደለሉ በወንዙ ስፋትና ጥልቀት ሁሉ እኩል እንደማይሰራጭ ደግሞ የታወቀ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጠርሙሱ ሞልቶ ባለሙያው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። ሟሟውን ብረታ ብረት ከደለሉ ለመለየት ውሃው በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ወዲያውኑ መጣራት፣ ከዚያም አሲድ መጨመር ነበረበት። መሣሪያው አያጣራም። አሲዱ በጠርሙሱ ውስጥ አስቀድሞ ቢደረግ ከደለሉ ላይ ያለውን ብረታ ብረት አሟሙቶ «ሟሟ ነበር» ያሰኛል። አሲድ ባይደረግ ደግሞ ሟሟው በጠርሙሱ ግድግዳና በደለሉ ላይ እየተጣበቀ ይጠፋል። ከሁለቱ ስሕተቶች አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው፤ የተመረጠውንም በመዝገቡ ላይ መጻፍ ይገባል። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያዎች አውቶማቲክ መቅጃውን ለጠቅላላው ጭነት፣ ማለት ከደለሉ ጋር ለሚወርደው፣ ይጠቀሙበታል፤ ሟሟውን ለማወቅ ግን በንጹሕ እጅ መቅዳትን አልተዉም። መሣሪያውን ወደ ሜዳ ከመላካቸው በፊትም እጅግ የጠራ ውሃ በወንፊቱ፣ በቱቦው፣ በፓምፑና በጠርሙሱ አሳልፈው ይለካሉ። ይህ «ባዶ ናሙና» ምን እንደ ያዘ ያልተነገረለት ቁጥር ከ1991 በፊት ከነበሩት ቁጥሮች አይሻልም።

ነገሩ ለእኛም አገር ወንዞች ሩቅ አይደለም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸው አትክልት ይለማባቸዋል፤ ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፋት የሚጠቀሙበት ክሮሚየምም ከሚነሡት ሥጋቶች አንዱ ነው። የክረምቱ ወንዝና የበጋው ወንዝ በእኛ ዘንድ ሁለት የተለያዩ ወንዞች ናቸው ማለት ማጋነን አይሆንም። በታኅሣሥ በቀን የተቀዳ ናሙና ፋብሪካውና መንደሩ የለቀቁትን ይናገራል፤ በሐምሌ ሌሊት የሚወርደው ደራሽ ከየጓሮውና ከየመንገዱ የሚጠርገውን ግን አያውቅም። በሌላ በኩል ደግሞ የደጋችን አፈር በአብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ የተገኘ ነው፤ ባዛልትም በተፈጥሮው ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየምና ኒኬል አለው። ጭቃ ያዘለ የክረምት ውሃ ሳይጣራ በአሲድ ቢቀቀል፣ የሚገኘው ቁጥር ከፋብሪካ የመጣውንና እግዜር በድንጋዩ ውስጥ ያኖረውን አደባልቆ ይዟል። ይህን ሳይለዩ ለመጠጥ ውሃ ከተወሰነው ልክ ጋር አስተያይቶ «ወንዙ ይህን ያህል ተመርዟል» ማለት በየትኛውም በኩል ሊያሳስት ይችላል፤ ጥፋተኛውን ነጻ ሊያወጣም ይችላል፣ ድንጋዩን ሊከስም ይችላል።

ወደ ባሕሩ ልመለስና ታሪኩን ልጨርስ፤ ምክንያቱም አውቶማቲክ መቅጃን ከኢምንት ብረታ ብረት ንጽሕና ጋር በተሻለ ያስታረቁት የባሕሩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ መሣሪያ መሥራቱን ትተው የተፈጥሮን ቀጂ ፈለጉ። ኤድዋርድ ጎልድበርግ በ1975 በየባሕሩ ዳርቻ ያለውን ባለ ሼል እንስሳ፣ መስልን፣ ለክትትል እንጠቀምበት አለ፤ መስል ውሃ እያጣራ ይበላልና ቀንና ሌሊት ያለ ደመወዝ ይቀዳል። በ1994 የላንካስተሮቹ ዊልያም ዴቪሰንና ሃዎ ዣንግ ደግሞ ብረታ ብረቱን በስስ የጄል ሽፋን አሳልፎ የሚያጠራቅም ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አቀረቡ። ፓምፕ የለው፣ ባትሪ የለው፤ ለቀናት በውሃው ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀናቱን አማካይ ይዞ ይወጣል። በመርከብ ለሚቀዱትም፣ ጂኦትሬሰስ የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ከ2010 ጀምሮ የቲታኒየም ክፈፍና የሰው ሠራሽ ፈትል ገመድ ያላቸውን ባለ ብዙ ጠርሙስ መቅጃዎች በየውቅያኖሱ አሰማርቷል።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የቦይል ባልደረቦች ሠርተው በ2002 ያሳተሙት፣ በመልሕቅ ታስሮ ለወራት በባሕር ውስጥ የሚቆየው መቅጃ ነው። ብልሃቱ በቀላልነቱ ላይ ነው። ፓምፕና ቱቦ ውሃውን የሚያቆሽሹ ከሆነ ፓምፕና ቱቦ አይኑር አሉ። እያንዳንዱ ጠርሙስ በቀጭን አሲድ ተሞልቶ፣ ተዘግቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ ተራውን ሲጠብቅ እየታጠበ ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ ትንሽ ሞተር ክዳኑን ያነሣል። የባሕር ውሃ ከቀጭኑ አሲድ ይከብዳልና በራሱ ይገባል፣ አሲዱም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክዳኑ ይዘጋል። በአንድ ጊዜ እስከ አሥራ ሁለት ናሙና ይይዛል።

መሣሪያው ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ቤርሙዳ ነው፤ ቤርሙዳም ለዚህ ሙያ ልዩ ስፍራ ናት። ከሰሜን አሜሪካ የሚነፍሰው ነፋስ የአህጉሩን ጭስ ወደዚያ ባሕር ይወስዳል። ቦይልና ባልደረቦቹ ከ1979 ጀምሮ ከደሴቲቱ አጠገብ በንጹሕ ዘዴ በተቀዱ ናሙናዎች በገጸ ውሃው ያለው እርሳስ በብዙ እጥፍ መቀነሱን ተከታተሉ፤ አሜሪካ እርሳሱን ከቤንዚኗ እያወጣች ነበር። ይህ ቅናሽ ግን በመጀመሪያ ከጠቀስኩት ቅናሽ የተለየ ነው፤ መቅጃው ሳይሆን ውሃው ጠራ። ከሰሐራ በታች ያሉት የአፍሪካ አገሮች ባለ እርሳሱን ቤንዚን እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ተዉት፤ ለአውቶሞቢል ከሚሸጡት አገሮች የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ፓተርሰን ይህን ሁሉ አላየም፤ በ1995 ታኅሣሥ ወር አርፎ ነበር።

ከ1979 በፊትስ በዚያ ባሕር ምን ያህል እርሳስ ነበር? በዚያ ዘመን የተቀዳ የሚታመን ናሙና የለም። ግሌን ሼንና ቦይል በ1987 መልሱን ከኮራል አወጡ። ኮራል እንደ ዛፍ በየዓመቱ አንድ ንብርብር ይጨምራል፤ ንብርብሩን ሲሠራ ከውሃው የተወሰነ እርሳስ አብሮ ያስቀምጣል። የቤርሙዳው ኮራል ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ እርሳሱ ከኢንዱስትሪው ጋር እንዴት ከፍ እንዳለ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከቤንዚኑ ጋር እንዴት እንደ ናረ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህም እንዴት እንደ ወረደ በተራ አስቀምጦ ተገኘ። መቶ ዓመት የሠራ፣ ገመድ የሌለው፣ መርከብ ያልቀረበው አውቶማቲክ መቅጃ ነበር። ሆኖም ሁለቱ ሳይንቲስቶች ኮራሉን ከመለካታቸው በፊት ደቁሰው ደጋግመው በአሲድ ማጠብ ነበረባቸው፤ ከባሕር ወጥቶ ላቦራቶሪ እስኪደርስ የሰው እጅ ነክቶት ነበርና።